መንገድ ከመቀየሱ በፊት

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «ዘንድሮ ስለ መንገድ ትናገሪልናለሽ» ሲለኝ ቁጥር የተሳሳቱ ነበር የመሰለኝ። «የመንገድ ሰው ከፈለጋችሁ አምስት ኪሎ ነው የሚገኙት፤ እኔ ከጥቁር አንበሳ ነኝ» አልኳቸው። «እናውቃለን። መሐንዲሶቹ ሁልጊዜ ይናገራሉ፤ ዘንድሮ በመንገዱ የሚሄደውን ሰው የሚያክም ይናገር ብለን ነው» አሉኝ። እንግዲህ እዚህ ያላችሁ መሐንዲሶች ስሳሳት ብትሰሙኝ ወቀሳው ለኮሚቴው ነው።

የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። መንገድ በሰው ሰፈርና በወንዝ ዳር ሲያልፍ፣ በካርታ ላይ የማይታይ ነገር ይቆርጣል። ያንን ነገር ማወቅ የሚቻለው ቅየሳው ከመጀመሩ በፊት ሰውን በመጠየቅ ነው። ይህን የምለው ሌላ ሰው ሳይጠይቅ ስለቀረ አይደለም። እኔ ራሴ ሳልጠይቅ ስለቀረሁ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ከዜሮ ኪሎ ሜትር

ከመካከላችን የፒያሳ ትዝታ የሌለው ሰው አለ ብዬ አላምንም። ከስድስት ኪሎም ከአምስት ኪሎም ቁልቁል ወርደን፣ አራት ኪሎን አልፈን፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረን ነበር የምንሄደው። በእግር ነው ታዲያ፤ የታክሲውን ለማኪያቶ እናደርገው ነበር። ቀጠሯችን ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ጋ ነበር። የዘገየ ሰው ይጠበቅ ነበር፤ ስልክ ስላልነበረን ሌላ ምርጫም አልነበረንም።

ያ ቦታ ለመንገድ ሰዎች ሌላ ትርጉም አለው። የአገራችን አውራ ጎዳናዎች ርቀት የሚለካው ከፒያሳ ተነሥቶ ነው። የካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በግንባታው ጊዜ «ዓድዋ ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር» ይባል የነበረውም ለዚሁ ነው። ወደ ጎንደርም ሂዱ ወደ ጅማ፣ መቁጠር የሚጀመረው ከዚያ ነው።

እኛንና መንገድን የሚያገናኝ ሌላም ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም የተቋቋመው በዚያው በ1943 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ በአንድ ዓመት ውስጥ «ልጆቼ ይማሩ» እና «መንገድ ይሠራልኝ» ብላ ወሰነች ማለት ነው። በዕድሜ እኩያሞች ነን።

ስለዚህ መንገድን ልቃወም አልመጣሁም። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር አገሪቱ የነበራት መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ገጠር የሠራችሁ ሐኪሞች ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ሳይሆን በአምቡላንስ መጣች ማለት ነው። መንገድ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ግን መጠን አለው፣ ጎንዮሽ ጉዳት አለው፣ ከመታዘዙም በፊት በሽተኛው ይጠየቃል።

«ፍሪጁ ቀረ»

አሁን ወደ አንዲት ታካሚዬ ልምጣ። ስማቸውን አልናገርም። ታሪካቸውን እንድነግራችሁ ግን ፈቅደውልኛል። «ንገሪያቸው ልጄ፤ ማልቀስ ግን የለም» ነው ያሉኝ።

እማማ ዶሮ ማነቂያ ነበር የሚኖሩት። በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ከአርባ ዓመት በላይ ኖረዋል። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው ይሸጡ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ኢንሱሊን ይወስዳሉ። ስምንት ዓመት ያህል ተከታትያቸዋለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀጠሮ አላለፉም። ስኳራቸው የተስተካከለ ነበር፤ ለተማሪዎቼም «ክትትል ማለት እንዲህ ነው» እያልኩ አሳያቸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ እሳቸውም ተነሡ። በዕጣ የደረሳቸው ቤት ከከተማው ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፤ ውሃ አለው፣ የራሱ ሽንት ቤት አለው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀጠሮ ቀሩ። ሁለተኛም ቀሩ። ሦስተኛው ሲደገም ካርዳቸው ላይ በእጄ ጽሑፍ «ቀጠሮ አያከብሩም» ብዬ ጻፍኩ። ወረፋ ረጅም ነው፤ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራሁ።

ከስምንት ወር በኋላ በዘመድ ተደግፈው መጡ። እግራቸው ቆስሏል። ሽታው ከበር ይሰማል።

«እማማ፣ ምን ነካዎት? መድኃኒቱን ለምን አቆሙት?» አልኳቸው። ቆጣ ብዬ ነው።

«አላቆምኩም ልጄ። ፍሪጁ ቀረ» አሉኝ።

ቁጭ ብዬ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እማማ ፍሪጅ ኖሯቸው አያውቅም። ኢንሱሊኑ የሚቀመጠው ሁለት በር አልፎ ካለች ጎረቤታቸው ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ በመርፌው ላይ ያለውን ቁጥር አያዩም፤ ጠዋት ጠዋት የሚለካላቸው የጎረቤቲቱ ልጅ ነበረች፤ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት። ቀጠሯቸውን የሚያስታውሳቸው ባለ ሱቁ ነው፤ ቀኑን በዱቤ ደብተሩ ላይ ይጽፍላቸው ነበር። ቡና ሲጠጡ ደግሞ «ለእሳቸው ስኳር እንዳትጨምሩ» የምትል አንዲት ኃይለኛ ሴት ነበረች። ሲበተኑ ጎረቤቲቱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ባለ ሱቁ ወደ ሌላ፣ ኃይለኛዋ ሴት ደግሞ ወደ ልጇ ቤት ሄዱ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ስኳራቸውን የተቆጣጠርኩት እኔ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰፈሩ ነው።

ኢንሱሊኑ የት እንደሚቀመጥ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ ፍሪጅ የሌለው ሰው በእርጥብ አሸዋና በሸክላ ዕቃ እንዴት እንደሚያቀዘቅዘው አሳያቸው ነበር። አዲሱ ሰፈራቸው አጠገብ ላለ ጤና ጣቢያ ደብዳቤ እጽፍላቸው ነበር። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። አሁንም የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም።

መንገዱ ቆረጠው አልልም። የቆረጠው የስኳር በሽታ ነው፤ የእኔም እጅ አለበት። ግን እንዲህ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፦ በየትኛው የቅየሳ ካርታ ላይ ነው ያ ፍሪጅ ያለው? በየትኛው የካሳ ሰነድ ላይ ነው ያቺ መርፌ የምትለካ ልጅ የተመዘገበችው? የቤቱ ካሬ ሜትር ይለካል፣ ግድግዳው ይቆጠራል፣ ዛፉ ይገመታል። ሁለት በር አልፎ ያለው ነገር ግን አይለካም።

ፒያሳን ሳናሳምር

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብኝ። ሩቅ ሆኖ ስለ አሮጌ ሰፈር በናፍቆት ማውራት ቀላል ነው። እኔ በሥራዬ የዶሮ ማነቂያን፣ የእሪ በከንቱን፣ የሠራተኛ ሰፈርን ጓዳ አይቻለሁ። አሥራ አምስት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት ይጋራ ነበር። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ይተኛ ነበር፤ አንዱ ሲያስል ሌሎቹ የሳንባ ነቀርሳ ይይዛቸው ነበር። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰ በኋላ እነዚያ ቤቶች ለአሥርት ዓመታት በደንብ የጠገናቸው አልነበረም። «እንዳለ ይቆይ» የሚል ሰው አንድ ክረምት እዚያ ይደር።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የተሠራውን ሰፊ የእግረኛ መንገድም አያለሁ። ልቡ የደከመ አንድ ታካሚዬ ድሮ ከአስፋልት ዳር ከመኪና ጋር እየተጋፋ ነበር የሚሄደው። አሁን በየመሐሉ እያረፈ ይሄዳል። ደም ግፊት ላለባቸው «በቀን ግማሽ ሰዓት ተራመዱ» ስል የት ብለው አይጠይቁኝም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው፤ በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ለእግረኛ የሚሠራ መንገድ ሕይወት ያድናል።

ስለዚህ ጥያቄው «ይሠራ ወይስ አይሠራ» አይደለም። «ማንን ጠይቀን፣ ምንን አትርፈን እንሥራ» ነው።

ከአሁን በፊት ያየነው

ይህ ጥያቄ ለአራዳ አዲስ አይደለም። ፒያሳ ከመባሏ በፊት አራዳ በጊዮርጊስ ዙሪያ ያለ ገበያ ነበረች። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ከተማውን በዘር ለመከፋፈል የወጣው ፕላን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ የሆነው ያ ነው። ገበያው ተነሣ፣ ስሙ ፒያሳ ተባለ። ያን ጊዜ ማንም አልተጠየቀም፤ ወራሪ አይጠይቅም። ነፃ አገር የሚለይበት አንዱ ነገር መጠየቁ ነው።

መሬቱን የጠየቀ ሥራ ደግሞ ማየት የፈለገ ሰባ ደረጃን ይውጣ። ቁልቁለቱን በዶዘር ከመጋፋት ይልቅ ደረጃ ሠርተው አለፉት። ሰው በእግሩ ይወጣል ይወርዳል፤ ባለ ጉልበት ሕመም ግን ይቸገራል፤ እሱንም መርሳት የለብንም።

ወደ ራሴ ዘመን ልምጣ። ኢንተርን ሆኜ ድንገተኛ ክፍል ስሠራ ቀለበት መንገዱ ገና አዲስ ነበር። ወደ 33 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ከተማው እስከዚያ አይቶት የማያውቅ ፈጣን መንገድ ነበር። መኪና ላለው ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ ቀለለ። ግን በመሐሉ የቆመው የኮንክሪት አጥር ሰፈርን ለሁለት ከፈለ። ልጁ ወዲህ፣ ትምህርት ቤቱ ወዲያ፤ ቤቱ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ወዲያ። መሻገሪያው ድልድይ ሩቅ ነው፣ ደረጃው ብዙ ነው። ሰው አጥሩን ዘለለ። ሌሊት ሌሊት የተቀበልናቸውን እስካሁን አስታውሳለሁ። «ሕግ የማያከብር እግረኛ» ብለን መዝግበናል። ከብዙ ዓመት በኋላ «ቀጠሮ አያከብሩም» ብዬ እንደጻፍኩት ማለት ነው። ሰው በየቀኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ላይ አጥር አቁሞ «ለምን ዘለልክ» ማለት አንድ ዓይነት ስሕተት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ ይጨምራል። በሰፈር መሐል የሚያልፍ መንገድ ፍጥነት የሚገድበው ሥዕሉ ነው፤ የሌይኑ ስፋት፣ ኩርባው፣ ከመሬት ጋር እኩል የሆነ መሻገሪያው። ትራፊክ ፖሊስ ሃያ አራት ሰዓት አይቆምም፤ ሥዕሉ ግን ይቆማል። ይህን እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ስለ ሞት ብቻ ላውራ አላልኩም። ዶናልድ አፕልያርድ የሚባል የከተማ ፕላን ምሁር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን አነጻጽሮ ነበር፤ የሚለያዩት በሚያልፍባቸው መኪና ብዛት ነው። መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር የሚኖሩ ሰዎች፣ ጸጥ ባለው መንገድ ዳር ከሚኖሩት ጋር ሲነጻጸሩ የጎረቤት ወዳጆቻቸው ቁጥር ሲሶውን ያህል ነበር። ማንም አልተነሣም፣ ማንም ቤት አልፈረሰም። መኪናው ብቻ በዛ፣ ሰላምታው ቀረ። የእማማ ፍሪጅ ያለው በዚያ ሰላምታ ውስጥ ነው።

አንድ ደግሞ እኛው ያደረግነውን ጥሩ ነገር ላንሣ። የባቡር መስመሩ በፒያሳ ሲያልፍ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በመንገዱ ላይ ነበር። በ2005 ዓ.ም. በጥንቃቄ ተነሣ፣ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፣ ባቡሩ ከመሬት ሥር አለፈ፣ በ2008 ዓ.ም. ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሲመለስ ስንቶቻችን ነን ደስ ያለን! ይህ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ ስንፈልግ እንችላለን። አንድን ነገር ከማንሣታችን በፊት መዝግበን፣ የት እንደሚቆይ ወስነን፣ መመለሻውን ይዘን መሥራት እንችላለን። ለሐውልት ያሰብነውን ለዕድር ማሰብ የሚከብድ አይደለም።

ወንዙም ሰፈር ነው

ስለ ሰው ብዙ ተናገርኩ፤ ስለ ወንዙም ልበል። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው መውረጃ ይፈልጋል። አፈር ሲኖር ግማሹን አፈር ይጠጣዋል፤ ሁሉንም በአስፋልትና በንጣፍ ድንጋይ ስንሸፍነው ውሃው ሁሉ አንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ታች ያለው ሰፈር በሐምሌ በጎርፍ ይመታል። ከጎርፍ በኋላ ደግሞ ወደ እኛ የሚመጣው አተት ነው። ስለዚህ የመንገድ ዳር ዛፍና ውሃ የሚጠጣ ክፍት አፈር ጌጥ አይደሉም። ክትባት በሉት።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ያለመ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ወንዞቻችን ለረጅም ጊዜ የቆሻሻ ቦይ ሆነው ኖረዋል። የደቡብ ኮሪያዋ ሶል ከዚህ አልፋ ሄዳለች። ቾንግየቾን በሚባለው ወንዝ ላይ ተንጠልጥሎ የተሠራ አውራ ጎዳና ነበራት፤ ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጎዳናውን አፍርሳ ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ወንዝ መልሳ ከፈተች። ዛሬ የዓለም የከተማ ፕላን ተማሪ ሁሉ ያንን ያያል። ግን እዚያም በወንዙ ዳር ይነግዱ የነበሩ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ተነሥተዋል። አረንጓዴ ሥራም ሰው ይቆርጣል። ለወንዙ ስንጠነቀቅ በወንዙ ዳር ያለውን ሰው አንርሳ፤ ለሰው ስንል ደግሞ ወንዙን አንድፈን። ሁለቱ የማይነጣጠሉ ናቸው።

ሕጉ አለ

አንዳንድ ሰው «ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ጊዜ የለም» ይለኛል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ሕገ መንግሥቱን ግን አንብቤዋለሁ። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፤ መንግሥት በሚያካሂደው ሥራ የተፈናቀለም ተመጣጣኝ ማካካሻና ድጋፍ ማግኘት አለበት ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ የሚነካው ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ አለን። መጠየቅ ቸርነት አይደለም ማለት ነው።

በሕክምና ኦፕራሲዮን ከመደረጉ በፊት በሽተኛው ይፈርማል። ግን ፊርማ ብቻ ስምምነት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት ነጭ ጋወን ለብሰው አምስት ሰው መጥተው «እዚህ ላይ ይፈርሙ እናቴ» ቢሏቸው ይፈርማሉ። ስምምነት ማለት ምን እንደሚቆረጥ፣ ሌላ ምን አማራጭ እንዳለ፣ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚከታተላቸው በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸው፣ ለማሰብ ጊዜ አግኝተው ሲወስኑ ነው። የአዳራሽ ስብሰባም እንዲሁ ነው። ውሳኔው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማስታወቂያ ነው፤ ምክክር አይባልም።

ሦስት ነገሮች

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከዚህ አዳራሽ የማይወጣ ሐሳብ ላለማቅረብ ብዬ ሦስት ነገር ብቻ አምጥቻለሁ።

አንደኛ፣ ታሪክ መውሰድ። ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅ አይመረምርም። መንገድ በሰፈር ሲያልፍም ከቀያሹ ጋር አንድ የጤና ሰውና አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ በየቤቱ ይሂዱ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ መድኃኒትዎ የት ይቀመጣል? ማን ይወጋዎታል? ዕድርዎ የቱ ነው? ልጅዎን ማን ያቆይልዎታል? በዱቤ የሚሰጥዎ ማነው? ውሃ በክረምት በየት ይወርዳል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግማሹን መልስ አሁኑኑ ያውቁታል፤ የጠየቃቸው የለም እንጂ።

ሁለተኛ፣ ሰው ሲነሣ ካርዱ አብሮት ይነሣ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊት እጥበት፣ የነቀርሳና የኤች አይ ቪ ታካሚ የጭነት መኪናው ከመምጣቱ በፊት የዝውውር ደብዳቤውና የወር መድኃኒቱ በእጁ ይሁን። መርፌ የሚለካና የሚለካለት በዕጣ አይለያዩ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ይውጣ። እግሩ የደከመ ምድር ቤት ይሰጠው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዝርዝር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሦስተኛ፣ ክትትል። ሪባን ከተቆረጠ ከዓመት በኋላ ተመልሰን እንቁጠር። ስንት ሰው ቀጠሮ አቋረጠ? ስንት ልጅ ትምህርት ቤት ቀየረ? ስንት ሰው በመሻገሪያው ላይ ተገጨ? ስንቱ ዛፍ ጸደቀ? የተቆጠረው ለቀጣዩ መንገድ ትምህርት ይሆናል። ኦፕራሲዮን አድርጎ በሽተኛውን ዳግም የማያይ ሐኪም ሲሳሳት እንኳ አያውቅም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከአምስት ኪሎ መሐንዲሶች አሉ፣ ከልደታ አርክቴክቶች አሉ፣ ከስድስት ኪሎ የሕግና የማኅበራዊ ሥራ ሰዎች አሉ፣ ከጥቁር አንበሳ እኛ አለን። በአንድ ግቢ ስም ተመርቀን በሥራ ላይ ግን የማንተዋወቅ ነን። መምህሮቻችን፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከአራቱም ወገን አንድ ላይ ሆነው፣ በየዓመቱ መንገድ ሊያልፍበት የታሰበ አንድ ሰፈር ይግቡና ይጠይቁ። አንድ ገጽ መጠይቅ አዘጋጅቻለሁ፤ ኮፒው በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። መሐንዲሶች እባካችሁ አርሙልኝ፤ ሐኪም የጻፈው ስለሆነ ጽሑፉ ካልተነበባችሁም ጠይቁኝ።

ባለፈው ወር እማማን ቤታቸው ሄጄ አየኋቸው። አራቱን ፎቅ ስወጣ ሁለት ጊዜ ነው ያረፍኩት። ቡና አፈሉልኝ፤ ስኳር አላቀረቡም። ጎረቤቶቻቸውን ገና እየተዋወቁ ነው። ከፊት ለፊት ያለች አንዲት ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት፤ መርፌውን እንድትለካላቸው አብረን አስተማርናት። እማማ «ይቺኛዋ ጎበዝ ናት፤ ግን ሳልናገር አታውቅልኝም፤ ለዚያ ጊዜ ይፈጃል» አሉኝ።

ሆስፒታል ስመለስ ካርዳቸውን አወጣሁ። «ቀጠሮ አያከብሩም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ ቀን ጻፍኩበት፣ ፈረምኩበት። ከጎኑ «ፍሪጅ የላቸውም» ብዬ ጻፍኩ። ያንን መስመር ለመጻፍ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ። መንገድ የምትቀይሱ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እናንተ ከእኔ ፈጠን በሉ።

የዓመት ሰው ይበለን።